ፋኑን ከመውቀስህ በፊት

ልጄ፣ ባለፈው እሑድ ስትደውልልኝ ከተናገርከው ግማሹን አልሰማሁም። ከኋላህ የሆነ ነገር ያጓራል፤ ወፍጮ ቤት ደጃፍ የቆምክ መስሎኝ ነበር። «ምንድን ነው እሱ?» ብልህ «ኮምፒዩተሬ ነው፣ ለምጄዋለሁ» አልከኝ። እንድጽፍልህ ያደረገችኝ ይህቺ «ለምጄዋለሁ» ናት። ዴስክቶፕ ስፈታና ስገጥም ፀጉሬ ሸብቷል። ጩኸቱን ለምደው ለምደው፣ አንድ ቀን ድንገት ዝም ሲልባቸው ሳጥኑን ታቅፈው እየሮጡ የመጡብኝን ሰዎች ቁጥር አላውቀውም። ፋን ሎሌ ነው። ሙቀት አውጣ ሲሉት ያወጣል፣ ሸክሙ ሲበዛበት ያለከልካል። ከዚህ በታች የምነግርህም ባብዛኛው ሸክሙን ስለማቅለል ነው። አንተን አውቅሃለሁ፤ «እሺ ጋሼ» ብለህ ትረሳለህ። ይሄኛውን ግን ጠረጴዛህ ላይ አስቀምጠው።

1. ካቻቪቴ ከማንሣትህ በፊት ጆሮህን ተጠቀም። እናንተ «ሲፒዩ» በምትሉት ሳጥን ውስጥ የሚዞረው ነገር አንድ ብቻ አይደለም። የፕሮሰሰሩ ፋን አለ፣ ከኋላ አየር የሚያስወጣው የኬዙ ፋን አለ፣ ፓወር ሰፕላዩም የራሱ አለው፣ ግራፊክስ ካርድ ካለህ እሱም ይጨምራል፤ አሮጌው ሃርድ ዲስክም ይዞራል። ድምፃቸው ይለያያል። እንደ ነፋስ «ሹ» የሚለው ከፍጥነት የሚመጣ ነው። ጠዋት ሲከፈት ተንገጫግጮ ሲሞቅ ዝም የሚለው የውስጡ ቅባት የደረቀበት ነው። «ጠቅ ጠቅ ጠቅ» ካለህ ሽቦ የፋኑን ክንፍ እየነካ ነው፤ እሱ በአንዲት ማሰሪያ የሚያልቅ በሽታ ነው። ጠረጴዛውን ሳይቀር የሚያንዘፈዝፍ፣ ከፍም ዝቅም የማይል ጉርምርምታ ከሆነ ሃርድ ዲስኩን ጠርጥር። በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚዞር ዲስክ በሰከንድ 120 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው፣ ያንን ንዝረት ለኬዙ ቆርቆሮ ያቀብለዋል። ምንም የሚዞር ነገር በሌለው ኤስኤስዲ ስትተካው ብቻ ነው ፈጽሞ የሚያርፈው።

ጆሮህ ካልለየልህ የሶፍት ጥቅል ሲያልቅ የሚቀረውን የካርቶን ቱቦ ውሰድ። አንዱን ጫፍ ጆሮህ ላይ አድርገህ ሌላውን ወደ እያንዳንዱ ፋን አስጠጋ፣ ክንፉን ግን አታስነካ። እንደ ሐኪም ማዳመጫ ይሠራል። የኬዙን ጎን ከፍተህ፣ እርሳስ ጫፍ ላይ ባለችው ላጲስ የፋኑን መሐል እምብርት ቀስ ብለህ ለሁለትና ሦስት ሰከንድ ያዝ፣ ከዚያ ልቀቅ። ድምፁ አብሮ ከቆመ ጥፋተኛው እሱ ነው። ፓወር ሰፕላዩ ላይ ይህን እንዳትሞክር፤ ስለ እሱ መጨረሻ ላይ እነግርሃለሁ። አንድ ጎረምሳ ሳጥኑን ሦስት ጊዜ አምጥቶልኝ ነበር፣ ሁለት ፋን ለውጦም ጩኸቱ አልቀረለት። በኋላ ቤቱ ሄጄ ባየው የሚጮኸው ከጠረጴዛው ሥር ያለው ዩፒኤስ ሆኖ ተገኘ። እሱም ፋን ነበረው። ሳቅኩበት እንጂ ጥፋቱ የኔም ነው፤ በመጀመሪያው ቀን መጠየቅ ነበረብኝ።

2. ዳንቴሉን አንሣ። እናትህ በፍቅር እንደሠራችው አውቃለሁ፤ ቲቪውንም ያለበሰችው እሷ ናት። ነገር ግን ሥራ ላይ ያለ ኮምፒዩተር ልብስ አይለብስም። መተንፈሻው ቀዳዳ በጨርቅ ሲሸፈን የወጣው ሙቀት ተመልሶ ይገባል፣ ፋኑም ያንኑ የሞቀ አየር እያገላበጠ ይለፋል። ማታ አጥፍተህ ከቀዘቀዘ በኋላ አልብሰው፤ እንዲያውም ከአቧራ ያድንልሃል። ጠዋት አውልቅ።

3. ከወለሉ ከፍ፣ ከግድግዳውም ራቅ አድርገው። መጥረጊያ የሚያስነሣው አቧራ መጀመሪያ የሚያገኘው ወለል ላይ የተቀመጠውን ሳጥን ነው። አንድ ስንዝር ከፍ ያለ መቀመጫ ሥራለት፣ ከኋላውም ቢያንስ አንድ ስንዝር ክፍት ተውለት። ጠረጴዛ ላይ ከሆነ ደግሞ ሳንቃው እንደ ከበሮ ድምፁን ያጎላዋል፤ ከብስክሌት የውስጥ ጎማ አራት ቁራጭ ላስቲክ ቆርጠህ ከእግሮቹ ሥር አድርግ። ሳንቲም አታወጣበትም፣ ማታውኑ ልዩነቱን ትሰማዋለህ።

ስለ ቡናም ልንገርህ፣ ማንም አይነግርህምና። ከከሰሉ፣ ከሚቆላው ቡናና ከእጣኑ የሚነሣው ጭስ ቅባትና ጥላሸት አለው። በፋኑ ክንፍ ላይና የፕሮሰሰሩን ሙቀት በሚቀበለው ሂት ሲንክ ቀጫጭን ቆርቆሮዎች መካከል ሲያርፍ እንደ ሙጫ ሆኖ አቧራውን ይይዘዋል። የቢሮ አቧራ በብሩሽ ይረግፋል፤ ቡና በሚፈላበት ክፍል የኖረን ኮምፒዩተር አቧራ ግን ፍቄ ነው የማነሣው፤ ገና ሳልከፍተው ከሽታው አውቀዋለሁ። ቡና ተው አልልህም፣ እኔም አልተውኩም። ረከቦቱ በአንዱ ጥግ፣ ኮምፒዩተሩ በሌላው ጥግ ይሁኑ።

4. በሦስት ወር አንድ ጊዜ አቧራውን አራግፍ፣ ግን በሥርዓቱ። አጥፋው፣ ገመዱን ከሶኬት ንቀል፣ ከዚያ ማብሪያውን ጥቂት ሰከንድ ተጭነህ የቀረውን ኃይል አፍስሰው። ወደ ግቢ አውጣው። ውስጡን ከመንካትህ በፊት ቀለም ያልተቀባ የኬዙን ብረት ንካ፤ በሰውነትህ ላይ ያለው ኤሌክትሪክ ወደ እሱ ይሂድ። ብሎኖቹን በስኒ ሰብስብ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ አንተ ደግሞ አፍስሰህ እንኳን አትለቅምም፣ የጠፋችው ብሎን ናት በኋላ ማዘርቦርዱ ላይ ተኝታ የምትገኘው።

ለስላሳ የቀለም ብሩሽ ይበቃሃል። በምታጸዳበት ጊዜ ክንፉ እንዳይዞር በጣትህ ያዘው። ከሁሉ በላይ፣ ፋኑን ከሂት ሲንኩ ላይ ፍታው። ከላይ ስታየው ንጹሕ ይመስልሃል፤ ፋኑ ሲነሣ ግን ከሥሩ እንደ ብርድ ልብስ የተነጠፈ አቧራ ታገኛለህ። አየሩ የሚያልፈው በእነዚያ ቀጫጭን ቆርቆሮዎች መካከል ነው፤ መንገዱ ተዘግቶ ፋኑ ቢፈጥን ጩኸት እንጂ ቅዝቃዜ አያመጣም። ሰዎች ፋን ለውጠው «አዲሱም ይጮኻል» የሚሉት ይህንን ብርድ ልብስ ሳያነሡ ነው።

ጎሚስታ ቤት ወስደህ በኮምፕሬሰር አታስነፋው። ይህን የምልህ ራሴ ስላደረግኩት ነው። ሥራ በጀመርኩበት ዘመን የደንበኛ ኮምፒዩተር ተሸክሜ ሄድኩ፣ «አንዴ ብቻ ንፋልኝ» አልኩ። ጎማ የሚነፋው አየር ውስጥ ውኃና ዘይት አለ፤ ማዘርቦርዱ ላይ እንደ ካፊያ ወረደ። ክንፉን አልያዝኩትም ነበርና ፋኑ አይቼ በማላውቀው ፍጥነት ዞሮ አንዱ ክንፉ ተሰብሮ በረረ። እንዲያ በኃይል የሚዞር ፋን ደግሞ እንደ ትንሽ ዲናሞ ኤሌክትሪክ እያመነጨ ወደ ቦርዱ ሊመልስ ይችላል። የዚያን ማዘርቦርድ ዋጋ ከኪሴ ከፈልኩ፣ የሁለት ወር የቤት ኪራዬ ነበር።

5. ቴርማል ፔስቱን አድስ፣ መያዣዎቹንም ፈትሽ። በፕሮሰሰሩና በሂት ሲንኩ መካከል ያለችው ቅባት ከዓመታት በኋላ ትደርቃለች፣ እንደ ኖራ ትሰነጣጠቃለች። ያን ጊዜ ሙቀቱ ወደ ሂት ሲንኩ በደንብ አይሻገርም፤ ፕሮሰሰሩ ይግላል፣ ፋኑም ይጮኻል፣ ሂት ሲንኩን ብትነካው ግን ለብ ብሎ ታገኘዋለህ። ይህን ካየህ ምክንያቱን አገኘህ ማለት ነው። አሮጌውን በጥጥና በአልኮል ጥረግ፣ እስኪደርቅ ጠብቅ፣ ከአዲሱ የአተር ፍሬ የምታህል ብቻ መሐል ላይ አኑር። እንደ ቅቤ አትለቅልቀው፤ ሥራዋ ዓይን የማያየውን ክፍተት መሙላት ነው፣ ስትወፍር ራሷ ግድግዳ ትሆናለች። ኢንቴል በፈረንጅ አቆጣጠር ከ2004 ጀምሮ ከፕሮሰሰሮቹ ጋር የሚሸጠው ፋን ባብዛኛው አራት የፕላስቲክ እግሮች አሉት። በሰያፍ፣ ማለትም አንዱን ከጫንክ በኋላ ከትይዩው ማዶ ያለውን እየጫንክ፣ አራቱም «ቀጭ» እስኪሉ ተጫናቸው፤ ከዚያ ቦርዱን ገልብጠህ ጫፎቻቸው በሙሉ መውጣታቸውን እይ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ አንዷ እግር ካልገባች ሂት ሲንኩ ይንጋደዳል፣ ያን ሁሉ ለፍተህም ጩኸቱ እንዳለ ይጠብቅሃል።

6. የኬዙን ጎን ከፍተህ አትሥራ። «አየር ያግኝ ብዬ ነው» ትላለህ። ከፊት ገብቶ ከኋላ እንዲወጣ የተሠራው የአየር መንገድ ይበተናል፣ አቧራው በእጥፍ ይገባል፣ ያ ቆርቆሮ ያፍነው የነበረው ድምፅም በቀጥታ ወደ ጆሮህ ይመጣል። ከፍተኸው በጣም የሚቀዘቅዝ ከሆነ ግን ልብ በል፤ ኬዙ አየር አጥሮታል ማለት ነው፤ መፍትሔው ከፊት አንድ ፋን መጨመር ነው። ስትገጥም የፋኑ ማቀፊያ ዘንጎች ያሉበት ጎን አየር የሚወጣበት መሆኑን አትርሳ፤ ገልብጠው የገጠሙ ብዙ ናቸው፣ ባለሙያ ነን የሚሉም አሉበት።

7. ፋኑን ማዘግየት ከጽዳት በኋላ ይሁን። እስካሁን ያልኩህን ሳታደርግ ፍጥነቱን ብትቀንስ የታመመን ሰው አፍ መያዝ ነው። ካደረግክ በኋላ ግን ከዚህ የበለጠ የሚክስ ሥራ የለም። ፋንን በደቂቃ ከ2000 ዙር ወደ 1000 ብታወርደው የሚገፋው አየር በግማሽ ይቀንሳል፤ ጩኸቱ ግን 15 ዴሲቤል ገደማ ይወድቃል። 10 ዴሲቤል የወረደ ድምፅ ለሰው ጆሮ ግማሽ ሆኖ ነው የሚሰማው፤ እንግዲህ 15ቱን አንተው አስበው። ሁለት እኩል ፋኖች አብረው ሲዞሩ ደግሞ ከአንዱ የሚበልጡት በ3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ስለዚህ አንዱን በሬ ከማሯሯጥ ሁለቱን ጠምዶ ቀስ ብሎ ማረስ ይሻላል።

መቆጣጠሪያው ባዮስ ውስጥ ነው። ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ዴል ላይ ኤፍ2ን፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ10ን፣ ሌኖቮ ቲንክሴንተር ላይ ኤፍ1ን ደጋግመህ ንካ። አሱስ ማዘርቦርዶች «ኪው-ፋን»፣ ጊጋባይትና ኤምኤስአይ ደግሞ «ስማርት ፋን» የሚሉት ክፍል አላቸው። እስከ 50 ዲግሪ ዝግ ብሎ እንዲዞር፣ ከዚያ በኋላ እየጨመረ እንዲሄድ፣ 85 ሲደርስ በሙሉ ኃይሉ እንዲሠራ አድርግ። ብዙዎቹ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርሱ ራሳቸውን ከሙቀት ለማዳን ይዘገያሉ፤ እዚያ እንዳይደርስ ነው። ለውጡንም ቀስ የሚያደርግ ምርጫ ካለው ተጠቀምበት፤ ወጥ የሆነ ድምፅ ይረሳል፣ ከፍ ዝቅ የሚለው ግን ሰው ያሳብዳል። የቢሮ ዴልና ኤችፒ እንዲህ በዝርዝር አያስተካክሉልህም፤ ከእነሱ ጋር ቁምነገሩ ጽዳቱ ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልህ፣ ይሄ የኛ አገር ጉዳይ ነውና። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ላይ ናት። አየራችን በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ገደማ የሳሳ ነው። ፋኑ በአንድ ዙር የሚገፋው የአየር ይዘት አይለወጥም፣ አየሩ ስለሳሳ ግን የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። ከተማችን ቀዝቃዛ ስለሆነች አይታወቀንም እንጂ፣ ባሕር ዳርቻ ላይ ሆኖ የተጻፈ መመሪያ «በዚህ ፍጥነት ይበቃዋል» ቢልህ እኛ ጋ ጥቂት ጨምርበት። ኤችደብሊው ሞኒተር የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫንና ዲግሪውን በዓይንህ እያየህ አስተካክል።

8. የፋኑን ሽቦዎች ቁጠር። ሦስት ከሆኑ ፍጥነቱ የሚስተካከለው በቮልቴጅ ነው፣ አራት ከሆኑ ፒደብሊውኤም በሚባለው መንገድ ነው። ባለ ሦስቱን ለፒደብሊውኤም በተዘጋጀ ቦታ ሰክተህ ባዮሱን ካልነገርከው ቀኑን ሙሉ በ12 ቮልት ይጋልባል። ባዮስ ውስጥ ወደ «ዲሲ» ቀይረው፣ አለቀ። ስንት ሰው በዚህች ምክንያት ብቻ አዲስ ፋን ገዝቷል።

9. ስትገዛ ትልቁን ግዛ፣ ኬዝህ የሚችለውን ያህል። 120 ሚሊሜትር ፋን 80 ሚሊሜትሩ የሚገፋውን አየር ለመግፋት የሲሶውን ያህል ፍጥነት ይበቃዋል። ትንሹ ፋን እንደ ትንኝ ነው፣ ቀጭን ድምፁ ነው እንቅልፍ የሚነሣው። ግን አስቀድመህ የብሎን ቀዳዳዎቹን ለካ፤ አንዳንድ የብራንድ ማሽኖች ሶኬታቸውም የራሳቸው ነው፣ ሌላ ፋን ሰክተህ ሲነሡ «ፋን የለም» ብለው ይቆሙብሃል። አሮጌውን ፈትተህ በእጅህ ይዘህ ገበያ ውጣ።

10. የማትጠቀምበትን ሥራ ዝጋ። ፓወር ግዕዝ ከፍተህ ማመልከቻ እየጻፍክ ፋኑ እንደ አውሮፕላን የሚነሣ ከሆነ ከኋላ የሆነ ነገር እየበላ ነው። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫንና ታስክ ማናጀርን ክፈት፤ ሲፒዩ የሚለውን ዓምድ እይ። አንዳንዴ ከፍተህ የረሳሃቸው አርባ የብሮውዘር ገጾች ናቸው፣ አንዳንዴ ከማታውቀው ፍላሽ የገባ ቫይረስ ነው። ዊንዶውስ ፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ ደግሞ የፕሮሰሰሩን ከፍተኛ መጠን ከ100 ወደ 99 ፐርሰንት ብታወርደው፣ በብዙዎቹ ማሽኖች ላይ ፕሮሰሰሩ ለአፍታ ከመደበኛው በላይ መጋለቡን ያቆማል። ለጽሕፈት ሥራ ልዩነቱን አታየውም፣ ጆሮህ ግን ያውቀዋል።

11. የሚንገጫገጨውን ፋን አንዲት ጠብታ አጠጣው። መሐሉ ላይ ያለችውን ተለጣፊ ወረቀት በጥንቃቄ አንሣ፣ የስፌት መኪና ዘይት አንዲት ጠብታ ጣል፣ ዙሪያውን ጥረግና መልሰህ ለጥፈው። የምግብ ዘይት እንዳታደርግ፣ ከርሞ ሙጫ ይሆናል። የተጣበቀ ቁልፍ ለማላቀቅ የሚረጨውም አይሆንም፤ የቀረውን ቅባት አጥቦት ይሄዳል። ይህ ለጥቂት ወራት የሚያቆይህ ነው፤ እስከዚያ የአዲሱን ገንዘብ አጠራቅም።

12. ፓወር ሰፕላዩን አትክፈት። ከውጭ በወንፊቱ በኩል በብሩሽ ጥረገው፣ ከዚያ በላይ አትሂድ። ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች የ220 ቮልቱን መብራት ተቀብለው ከ300 ቮልት በላይ ያጠራቅማሉ፣ ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ሊያቆዩት ይችላሉ። የሚጮኸው እሱ ከሆነ ሙሉውን ለውጠው፣ ወይም ሳጥኑን እንዳለ ይዘህልኝ ና። ልጅ ሳለህ በአውራ ጣቴ ሥር ያለችውን ጠባሳ እየነካካህ ምን እንደሆነች ትጠይቀኝ ነበር፣ እኔም ውሻ ነክሶኝ ነው ስልህ ኖሬያለሁ። ውሻ አልነበረም።